የቀጥታው በረራ እስኪጀምር

ሰኞ፣ ወር በገባ በ4

ሐኪሙ ዛሬ ቁርጡን ነገረን። በአባባ ጉሮሮ ውስጥ ያለው እባጭ በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም። የድምፁ ሳጥን ከነጭራሹ መውጣት አለበት። ይበላል፣ ይራመዳል፣ ዕድሜም ይኖረዋል። መናገር ግን አይችልም። ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ወር፣ ሰኞ በ9 ተቀጥሯል።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚያስረዳው እኔን እያየ ነበር። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና «ዶክተር፣ የምታወጣው ከኔ ነው፤ ለኔ ንገረኝ» አለው። ሐኪሙ አፈረ። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

አባባ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ሲጣራ የኖረ ሰው ነው። የሚነሳውን መኪና፣ የጠፋውን ሕፃን፣ የተረሳውን ሻንጣ የሚናገረው እሱ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ ዛሬም መንገድ ላይ «ደህና ዋሉ» ሲል የማያውቃቸው ሰዎች ዘወር ብለው ያዩታል።

ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ መንገዱን ሲያይ መጣ። በሩ ላይ ስንደርስ «ታናሽሽ ትምጣ፤ የምናገረው ነገር አለኝ» አለ።

«አሁኑኑ ልደውልልህና በስልክ ንገራት» አልኩት።

«በስልክ የሚባል አይደለም። ፊቴ ተቀምጣ ነው የምትሰማኝ።»

ፊቱ ተቀምጣ። እኔ ፊቱ ከተቀመጥኩ፣ እሷ ከሄደች ጀምሮ ማለት ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ደክሞኛል።


ማክሰኞ፣ 5

ቢሮ እንደገባሁ የእህቴን ከተማ ፈልጌ አየሁ። ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው። ሰው መጥቶ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲለኝ ኮምፒውተሩን ሳላይ እመልሳለሁ። የሷን ግን እንደ አዲስ አየሁት። ከኛ አየር ማረፊያ እስከ እነሱ አየር ማረፊያ በቀጥታ ቢለካ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩ በቀጥታ የሚሄድ የለም። አሁን ያለው መንገድ ሁለት ቦታ እያወረደ፣ ሰውን በየወንበሩ እያንጎላጀ፣ ሠላሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ካርታ የምንለው፣ «ቀጥታው ሊጀምር አይደል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ወር፣ ረቡዕ በ4፣ አዲሱ የቀጥታ በረራ ይጀምራል። አሥራ አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ረቡዕ ብትነሳ ሐሙስ እዚህ ናት፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሦስት ሙሉ ቀን አላቸው።

ማታ ደወልኩላት። እነሱ ከኛ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ ለሷ ገና ቀን ነው። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። «እትዬ፣ ነገውኑ ልነሳ። ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ባይሰጡኝም እመጣለሁ» አለች።

«ምን አስቸኮለሽ ሚጡ? በየአየር ማረፊያው ወለል ላይ ስትንገላቺ ልትከርሚ ነው? ቀጥታው ሊጀምር ነው። ተኝተሽ ትነሺና ደርሰሻል» አልኳት።

«አንቺ ካልሽ እሺ።»

በትኬት ነገር ከኔ ሌላ ማንንም አታምንም።


ሐሙስ፣ 7

ለማንኛውም ብዬ በአሮጌውም መንገድ አንድ ወንበር ያዝኩላት፤ በ20 የሚነሳ። በኛ ሥራ ወንበር መያዝ ማለት የሰውየውን ስም አስገብቶ ትኬቱን ሳይቆርጡ ማቆየት ነው። ሦስት ቀን ይቆያል፣ ካልተቆረጠ በራሱ ይወድቃል። ከወደቀ ደግሞ እንደገና ይያዛል። ደንበኛ ሲያመነታ የምናደርገው ነው። እኔ አላመነታሁም፤ ለጥንቃቄ ነው።


ቅዳሜ፣ 9

አባባ ወሬኛ ሆኗል። ድሮ ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ስለሚውል ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላማ ጭራሽ ብሶበት፣ እኔና እህቴ ዝምታውን ለምደን ነው ያደግነው። አሁን ግን ራት ከተነሳ በኋላ ድምፁ እየሻከረም ቢሆን ያወራል።

ዛሬ ስለ አንድ ሙሽራ ነገረኝ። ሰርጉ ሌላ ከተማ ኖሮ ሁሉም በአውቶቡስ ሊሄዱ መናኸሪያ ሞልተዋል። ሙሽራው ከድንጋጤው የተነሳ የሌላ አገር መኪና ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። አባባ ከመስኮቱ አይቶት በድምፅ ማጉያው «አቶ ሙሽራ፣ ሙሽሪት ሦስት ቁጥር ላይ እየጠበቀች ነው፤ አንተ አምስት ቁጥር ላይ ምን ትሠራለህ?» አለ። መናኸሪያው በሳቅ ተገለበጠ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ማታ አላውቅም። እህቴ ስትመጣ ይህንኑ ሁሉ ለሷ ደግሞ ያወራላታል። ሐኪሙ «ብዙ አታናግሩት» ብሏል። ድምፁ ለሁለታችን ይበቃ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። መጥፎ ሐሳብ ነው፤ ቢሆንም መጣብኝ።


ረቡዕ፣ 13

ከሥራ ስመለስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከደንበኛዋ ጋር ስታወራ ሰማሁ። «ታናሺቱ ትመጣለች አሉ። ያኔ ነው የሰውዬው ፊት የሚፈታው። ታላቋማ ያው እቤት ያለች ናት» አለች። ቀና ብላ ስታየኝ «እንዴት አመሸሽ የኔ ልጅ» ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

ክፉ ሰው አይደለችም። ለአባባ በየቀኑ ሾርባ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ግን ሆድ ባሰኝ። ራት ሳቀርብ አባባ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ምንም» አልኩት።

ለሚጡ የያዝኩት ወንበር ወድቆ ነበር። እንደገና ያዝኩት። ቀኑን ግን ወደ 26 ገፋ አደረግኩት።


ሰኞ፣ 18

ሚጡ ደወለች። ፈቃዷን ወስዳለች፣ ሻንጣዋ በር ላይ ነው። ስልኩን ለአባባ ሰጥቼ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግራት ደረስኩ። እንዳየኝ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞረው። ቅር አለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ሻዩን ቀዳሁ።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ «በትክክል መቼ ነው የምትነሳው?» አለኝ።

ስለ አዲሱ በረራ አስረዳሁት። ጨርሶ ሰማኝና «አሁን የሚሄድ የለም?» አለ።

«አለ። ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው እንጂ።»

«እኔ መናኸሪያ ሳለሁ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀኝ የትኛው ቀድሞ ይደርሳል ብሎ ነው። አንዱ አዲስ መኪና ነው፣ ገና ከሰዓት ነው የሚነሳው፤ ሌላው አሮጌ ነው፣ ሞተሩ ተነስቷል። ሞተሩ በተነሳው ሂድ እለው ነበር። እሷንም በተነሳው አሳፍሪያት።»

«አባባ፣ አውሮፕላንና አውቶቡስ አንድ አይደለም።»

«እሺ። ሥራሽን አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ሻዩን ጠጣ። ቅር ይበለው አይበለው አላወቅኩም። ኧረ አውቄያለሁ፤ ቅር ብሎታል።


ዓርብ፣ 22

ዛሬ ከምሳ በፊት አንድ አስተማሪ መጣ። ወንድሙ ሚጡ ባለችበት ከተማ ታሞ ተኝቷል። «አዲስ በረራ ሊጀምር ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እሱን ብጠብቅ ይሻለኛል?» አለኝ።

«አይጠብቁ» አልኩት ፋታ ሳልሰጠው። «አዲስ መስመር በተባለው ቀን ተነስቶ አያውቅም። አንዴ አውሮፕላኑ አልደረሰም ይላሉ፣ አንዴ ፈቃዱ አላለቀም ይላሉ። ያለውን ይያዙ፤ መድረሱ ነው ቁም ነገሩ።»

ቆረጥኩለት። አመስግኖኝ ሄደ። ካርታ ራሱን ቀና አድርጎ «እህትሽን በየትኛው ነው ያረግሻት?» አለኝ።

«በቀጥታው።»

ለወትሮው ምላሱ አያርፍም። ዛሬ «እንግዲህ» ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሷ ነገር ከአስተማሪው ይለያል። እሷ ጊዜ አላት።


ሐሙስ፣ 28

ለ26 የያዝኩት ወንበር ድሮ ወድቋል፤ ቀኑም ሳላየው አልፏል። ሌላ አልያዝኩም። ስድስት ቀን ለቀረው ምን ያደርጋል።

የአባባ ድምፅ መቆራረጥ ጀምሯል። ማታ አላወራንም፤ ቴሌቪዥን አየን።


እሑድ፣ 1

አየር መንገዱ መልእክት ላከ። የመጀመሪያው በረራ ከረቡዕ ወደ ቅዳሜ በ7 ተዛውሯል። ምክንያት አልተጻፈም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ብትነሳ እሑድ ትገባለች፣ ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። አንድ ሌሊት ይኖራቸዋል። ለአንድ ሰው የሚነገር ነገር አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ለሚጡ ስደውልላት «እትዬ፣ ነገ በአሮጌው ብነሳስ?» አለች። ድምፅዋ የልመና ነበር።

«አሮጌውን ተይው፤ ገድሎሽ ነው የሚያመጣሽ። ደርሰሽ ራስሽ ልትታመሚ ነው?» አልኳት።

የነገው ላይ ዘጠኝ ወንበር ክፍት ነበር። የማክሰኞው ላይ አሥራ አራት። ለምን እንዳየኋቸው እንጃ። የሥራ ልማድ ነው።

አባባ ልብስ ሰፊዋን ጠርቶ የሸሚዙን እጅጌ አስጠበበ። ከስቶ ሰፍቶበታል። «ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ» ሲላት ከወጥ ቤት ሰማሁ። እኔ እንዲህ ሆኖ በየቀኑ አየዋለሁ።


ረቡዕ፣ 4

ዛሬ ነበር የምትነሳው።

ማታ። አባባ ትንፋሽ አጠረው። አንገቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ጎረቤቶች መኪና እያመጡ ነው። ፎጣ፣ መታወቂያ፣ የመድኃኒቱ ከረጢት።


ሐሙስ፣ 5፣ ሲነጋ

ሆስፒታል። በኦክስጅን ተረጋግቷል። ሐኪሙ «እባጩ የትንፋሽ ቧንቧውን እየዘጋው ነው፤ እስከ ሰኞ መጠበቅ አይቻልም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናስገባዋለን» አለኝ። ሁለት ቀን ብቻ እንዲያቆይልኝ ለመንኩት። «ሁለት ቀን ለምን?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? «እህቴ እስክትደርስ» አልኩት። «ቀደም ብላ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለ። ሰውዬው ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከኮሪደሩ ሆኜ ለካርታ ደወልኩ። እኔ መቁጠር አቅቶኝ እሱ ቆጠረልኝ። የዛሬው የመጀመሪያ መነሻ በኛ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ሠላሳ አንድ ሰዓት። ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትገባለች።

«ከዚያ የሚቀድም የለም?» አልኩት።

«የትናንቱ ነበር» አለኝ ካርታ። «የትናንቱ ቢሆን ዛሬ ሌሊት ትገባልሽ ነበር።»

«ቁረጥላት» አልኩት።


ሐሙስ ሌሊት

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሦስት ሰዓት ገደማ አባባ እጄን ነካ አደረገኝ። ድምፁ የእስትንፋስ ያህል ነው፤ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። «ደውዪላት» አለ። «በስልክም ቢሆን ልናገር። አንቺም እዚሁ ስሚ።»

ደወልኩ። ዝግ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ተነስታለች። ያቺ የመጀመሪያዋ በረራ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምትፈጀው፣ ሙሉ በሙሉ ውቅያኖስ ላይ። የት ቦታ ላይ እንዳለች በጣቴ ላሳየው እችል ነበር፤ ላናግራት ግን አልችልም። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አምስቴ ደወልኩ፤ እንደሚዘጋ እያወቅኩ።

«ሰማይ ላይ ናት አባባ። ለኔ ንገረኝ፣ አደርስልሃለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እሷ በሌለችበት ምን ዋጋ አለው» አለ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አሥራ አንድ ዓመት፣ እና ምን ዋጋ አለው። ይህን የጻፍኩት ተናድጄ ነው። መናደድ የሚገባኝ በማን ላይ እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ወንበሩ ነበረ። ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፤ ከዚያም በፊት ወሩን ሙሉ። በራሴ እጅ ያዝኩት፣ በራሴ እጅ ጣልኩት። ቀጥታው አጭር ስለሆነ አልነበረም። ለምን እንደነበር ግን እዚህ እንኳ መጻፍ አፈርኩ።


ዓርብ፣ 6

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወሰዱት። አልጋውን ሲገፉት ነርሷን እንድትቆም በእጁ አሳያት። ጎንበስ አልኩ። «ጫማዬን ከመንገድ ላይ አንሺው፤ ሰው ይሰናከልበታል» አለኝ። ጫማውን አነሳሁ። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። ሚጡ ናት፣ ገና ከአውሮፕላን መውረዷ ነው። ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። «አምስቴ ነው የደወልሽልኝ፤ ምን ተፈጠረ? አባባን አገናኚኝ» አለች።

«ገባ» አልኳት።

ሁለተኛው አውሮፕላኗ እስኪነሳ እያለቀሰች ቆየች፣ እኔም ሳልዘጋ ጫማውን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።


ቅዳሜ፣ 7

ሌሊት አየር ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳት። ቀሚሷ ተጨማድዷል፣ እግሯ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አቅፋኝ ልትለቀኝ አልቻለችም። «ደረስኩ አይደል እትዬ? ደህና ነው አይደል?» ትላለች ደጋግማ። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። ይህን ነገርኳት፤ እውነት ነው።

አዲሱ በረራ ዛሬም አልተነሳም። ካርታ መልእክት ላከልኝ።


እሑድ፣ 8

ዛሬ አባባ ከትራስ ጋር ደገፍ ብሎ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ ቱቦ አለ፤ ትንፋሹ በዚያ ነው የሚወጣው፣ ፊሽ ፊሽ ይላል። ነርሷ የሚጽፍበት ትንሽ ሰሌዳ ሰጥታው «ውሃ»፣ «መስኮት» እያለ ይጽፋል። ሚጡ ግራ እጁን ይዛ ትስመዋለች።

ሸለብ ሲያደርገው ሚጡ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ምን ሊለን እንደነበር ነግሮሽ ነበር?» አለችኝ።

«ለኔ ምን ብሎ ይነግረኛል፤ ላንቺ የተቀመጠ ነገር ነው» አልኳት።

«ለኔ ብቻ ማን አለሽ? ለሁለታችን ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ነው ያልኩሽ ቀን በስልክ ነግሮኝ እንዳልነግርሽ አስማለኝ። ‹አንቺን ይቅር በይኝ ልልሽ ነው፤ የሄድሽ ቀን በር ዘግቼ ተኝቼ፣ ሳልመርቅሽ ወጥተሻል። ታላቅሽን ግን ላመሰግናት ነው። ዕድሜዋን ለኔ የሰጠች ልጅ ናት፤ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብያት አላውቅም። አንቺ በሌለሽበት ብናገረው ማን ይመሰክርላታል? ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በአፌ መርቄያችሁ ነው ድምፄ የሚወጣው› አለኝ።»

የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«አንቺማ እዚሁ ስለነበርሽ፣ በቃል ባይለውም ሳትሰሚው አትቀሪም» አለች። «የቀረብኝ እኔ ነኝ።»

የአባባን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

«ደግሞ በኔ የተነሳ ራስሽን እንዳትጎጂ። እንዳልንገላታ ብለሽ ነው ቀጥታውን ስትጠብቂልኝ የነበርሽው። አውቅሻለሁ እኮ።»

«አዎ» አልኳት።

አባባ ዓይኑን ገልጦ ያየኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደነቃ አላወቅኩም። በእጁ አልጋው ጫፍ ላይ እንድንቀመጥ አሳየን፣ ሁለታችንም፣ ጎን ለጎን። ሰሌዳውን ሚጡ ልታቀብለው ስትል ገፋው። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ።

ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ የለም፣ ትንፋሹም በአንገቱ ነው የሚሄደው። ረጅም ነገር ነው የተናገረው፣ ሳይቸኩል፣ ቦታ ቦታ ላይ እያረፈ። ሚጡ አንገቷን ደፍታ በየማረፊያው አሜን ትላለች። እኔ ከንፈሩን ላለመልቀቅ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። የኔ የትኛው ጋ እንደነበር አላወቅኩም።